ለታደሰ ሞተር የመጀመሪያው ዘይት፤ የአንድ ክርክር ዳሰሳ

ተፈትቶ ታጥቦ፣ ሲሊንደሩ በማሽን ተስተካክሎ፣ ፋሻውና ብሮንዚናው ተለውጦ፣ ጓርኒሲዮኑ ታድሶ እንደገና የተገጠመ የመኪና ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ በሚነሣበት ሰዓት በውስጡ የሚኖረው ዘይት ምን ዓይነት ሊሆን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ፣ ለሩቅ ተመልካች ከሱቅ መደርደሪያ ላይ አንዱን ጀሪካን አንሥቶ ከመሄድ ያለፈ ቁም ነገር ያለው መስሎ ባይታየውም፣ በሞተር አዳሾች፣ በዘይት ቀማሚዎችና በፋብሪካ መሐንዲሶች ዘንድ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲወራረስ የኖረና እስከ ዛሬም መቋጫ ያላገኘ ክርክር ነው። ስለ ቅባት ተከራክሮ ጎራ መለየት ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጎንደር ዘመን ጉባኤያት የተከራከሩበት ቅብዐት ግን የነገረ መለኮት ምሥጢር ነበረ፤ ይኸኛው ብረት ከብረት ጋር ስለሚገናኝበት ጠባብ ስፍራ የሚነገር ፍጹም ምድራዊ ነገር ነው። ቢሆንም አንድ ቃል ሁለት ትርጓሜ ይዞ ሲነገር ክርክር እንደሚረዝም እዚህም ማየት ይቻላል።

የጉዳዩን ታሪክ፣ የተከራካሪዎቹን አቋምና ለየአቋማቸው የሚያቀርቡትን ማስረጃ በየተራ ለሚመረምር ሰው አንድ ነገር ቀድሞ ጎልቶ ይታየዋል፤ ይኸውም እንደ አንድ ጥያቄ ሆኖ የሚነገረው ነገር በውስጡ ሁለት፣ ያውም እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ጥያቄዎችን አዝሎ መገኘቱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማለማመድ ማለት ምን ማለት ነው

በማሽን ድንጋይ የተፋቀ የሲሊንደር ግድግዳ ለዓይን የጠራ፣ ለጣትም የለሰለሰ መስሎ ቢገኝም፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ በሰያፍ እየተላለፉ የሚቆራረጡ ጭረቶች የሞሉበት፣ ተራራና ሸለቆ ያለው ምድር ነው። ሸለቆዎቹ ዘይት ይይዛሉ፤ ተራሮቹ ደግሞ አዲሱ ፋሻ፣ ማለት ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ በላያቸው ሲመላለስ ጫፍ ጫፋቸው እየተቈረጠ ይሄዳል፤ የፋሻውም ፊት እንደዚሁ በግድግዳው መጠን እየተበላ ይቀረጻል። ሁለቱ ተጣጥመው ጋዙ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወደ ላይ እንዳያልፍ በር የሚዘጉበት ደረጃ ላይ ሲደርሱ «ፋሻው ተቀመጠ» ይባላል። በዚህ ሥራ ውስጥ እንግዲህ መበላት ጥፋት ሳይሆን ልክ የተሰፈረለት ግብ ነው፤ ፈጽሞ ካልተበላ ሞተሩ ዘይት ሲጠጣና ሲያጨስ ይኖራል፤ ከልክ በላይ ከተበላም የታደሰው ሞተር ሳያገለግል ያረጃል።

በካምሻፍቱና ቫልቩን በሚያነሣው ገፊ መካከል ያለው ነገር ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የገፊው እግር ጠፍጣፋ ነው፤ ጠፍጣፋ ይባል እንጂ በጥቂቱ ያበጠ ሲሆን፣ የካሙም ጉብታ ወደ አንድ ወገን በጥቂቱ ያዘነበለ ነው፤ ይህም የተደረገው ገፊው ሲነሣና ሲወርድ በገዛ ራሱ እንዲሽከረከርና አንድ ስፍራ ብቻ እንዳይቦረቦር ነው። በእጅግ ጠባብ ስፍራ ላይ የቫልቩ ሞላ ኃይል ሁሉ ስለሚያርፍበት ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ ዘይትም ቢሆን በአብዛኛው የሚደርሰው ክራንክሻፍቱ ሲዞር እየረጨ ከሚያዳርሰው እንጂ በፓምፕ ተገፍቶ አይደለም። የጠነከረው የብረቱ ገጽ ደግሞ ስስ ነው። ስለዚህ በዚህ ስፍራ መበላት ምንም ዓይነት በጎ ፍሬ የለውም፤ አንዴ ከተጀመረ ጉብታው ተከርክሞ እስኪጠፋ የሚቆም አይደለም፤ የተበላውም ደቃቅ ብረት ከዘይቱ ጋር ዞሮ ብሮንዚናውን፣ ማለት የክራንክሻፍቱን ተሸካሚ፣ ያጠፋዋል።

«ማለማመድ» የሚለው ቃል እንግዲህ እንደ መጻሕፍት ትርጓሜ አንድም እየተባለ ሊፈታ የሚገባው ነው፤ አንድም ፋሻና ሲሊንደር በልክ ተበላልተው መጣጣማቸው፣ አንድም ካምና ገፊ ሳይበላሉ ፊታቸው ላይ የሚጠብቃቸውን ልባስ ማበጀታቸው ነው። ለመጀመሪያው የተመቸ ዘይት ለሁለተኛው ላይመች ይችላል፤ ችግሩ ሁለቱም ከአንድ ቋት የሚቀዱ መሆናቸው ላይ ነው።

ከማስረጃ አስቀድሞ የነበረ ልማድ

የቅባት ሳይንስ ሲወለድ የማለማመድ ጥያቄ አብሮት አልተወለደም። እንግሊዛዊው ቢቻም ታወር በ1883 ባሳተመው ሙከራው የሚዞር ዘንግ ራሱ ዘይቱን እየጎተተ በላዩ ያለውን ጭነት የሚሸከም የዘይት ንጣፍ እንደሚያበጅ አገኘ፤ ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ምሥጢሩን በሒሳብ ቀመር ገለጠ፤ ጀርመናዊው ሪቻርድ ስትሪቤክም በ1902 ፍጥነት፣ ጭነትና የዘይት ውፍረት በተለዋወጡ ቁጥር ሰበቃው እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ጠበብት ሦስት ሁኔታዎችን ይለያሉ፤ ብረት ከብረት የሚነካካበት፣ በከፊል ነካክቶ በከፊል የሚንሳፈፍበትና ፈጽሞ በዘይት ላይ የሚንሳፈፍበት። ብሮንዚና ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ሁሉ በሦስተኛው ውስጥ የሚኖር በመሆኑ ከዘይቱ የሚፈልገው ንጽሕናንና ተገቢ ውፍረትን ብቻ ነው፤ ፋሻ በመንገዱ መካከል ይንሳፈፋል፣ አቅጣጫውን በሚለውጥበት ጫፍ ላይ ግን ብረት ይነካል፤ ካምና ጠፍጣፋ ገፊ አብዛኛውን ዘመናቸውን የሚያሳልፉት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሁኔታዎች ውስጥ ነው። ዘይት በገፊውና በፋሻው ላይ የተለያየ ሥራ የሚሠራበት ምክንያት ከዚህ ልዩነት የመነጨ ነው።

ሠራተኛው ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ የራሱን ሥርዓት አበጅቶ ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ያዘጋጀው፣ በዘይት ውስጥ ተንሳፍፎ የሚቀር ደቃቅ ግራፋይት፣ በአዲስና በታደሰ ሞተር ውስጥ መጨመር ለብዙ ዘመን የተለመደ ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1950ዎቹ አዲስ መኪና የገዛ ሰው በኋላው መስተዋት ላይ «በመለማመድ ላይ ነው፤ እባክዎ ይለፉ» የሚል ወረቀት ለጥፎ፣ ለመጀመሪያው 800 ኪሎ ሜትር ያህል በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ በመመሪያው እየተነገረው በዝግታ ይጓዝ ነበር። የማሽኑ ሥራ ሻካራ፣ ዘይቱም ቅመም የለሽ በነበረበት ዘመን ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አልነበረም፤ ነገር ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ልማዱ እንደ ሕግ ሆኖ ቀርቷል።

በ1930ዎቹ ለዲዝል ሞተሮች ተብሎ አጣቢ ቅመም ያለው ዘይት ወጣ፤ የአሜሪካ የፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤ.ፒ.አይ.፣ በ1947 ዘይትን ተራ፣ የላቀና ለከባድ ሥራ የሚሆን ብሎ በሦስት መደበ፤ በ1940ዎቹ ደግሞ ዛሬ የክርክሩ ሁሉ መዲና የሆነው የዚንክ፣ የፎስፎረስና የድኝ ውሁድ፣ በዘይት ቀማሚዎች አጠራር ዜድ.ዲ.ዲ.ፒ.፣ ወደ ሞተር ዘይት ገባ። የሚያስገርመው ይህ ውሁድ መጀመሪያ የተፈለገው ዘይቱ እንዳይበላሽና ብሮንዚናው እንዳይዝግ ለመጠበቅ እንጂ ለካምሻፍት ተብሎ አለመሆኑ ነው፤ የለንደኑ የኢምፔሪያል ኮሌጅ ሊቅ ሂዩ ስፓይክስ በ2004 ባወጡት ሰፊ ዳሰሳ እንደተረኩት፣ መበላትን የሚከላከል መሆኑ የታወቀው ከገባ በኋላ ነው። ሰበቃና ሙቀት በሚኖርበት ስፍራ ውሁዱ እየተፈታ ከብረቱ ጋር ይዋሐድና ከሚሊሜትር አሥር ሺህኛ እጅ ያህል የሚሆን፣ መስተዋት መሰል የፎስፌት ልባስ ያበጃል፤ ብረቱ በብረት ፈንታ በዚህ ልባስ ላይ ይሰበቃል፣ የተፋቀው ልባስም በአዲስ ይተካል። ልባሱ እስኪበጅ ድረስ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ የአዲስ ካምሻፍት አደጋ ያለው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።

የፋሻው ጥያቄ፤ «ሚኒራል» የሚለው ቃል ያመጣው መደናገር

የፋሻን መቀመጥ አስመልክቶ ጥንታዊው አቋም አጭር ነው፤ የታደሰ ሞተር በተራ ሚኒራል ዘይት ይጀመር፣ ሲንቴቲክ ዘይት እጅግ አንሸራታች ስለሆነ ፋሻውን እንዳይቀመጥ ያደርገዋል ይላል። የዚህ አቋም ጽኑ ምስክር ተደርጎ የሚጠራው የአውሮፕላን ሞተር ሥርዓት ነው። የላይኮሚንግ ኩባንያ 1014 ቁጥር በተሰጠው የአገልግሎት መመሪያው አዲስ ወይም የታደሰ ሞተር የመጀመሪያውን 50 ሰዓት፣ ወይም የዘይት ፍጆታው እስኪረጋ ድረስ፣ ቅመም በሌለው ሚኒራል ዘይት እንዲሠራ ለብዙዎቹ ሞተሮቹ ሲያዝዝ ኖሯል። ምስክርነቱ ቀላል አይደለም፤ በሰማይ ላይ ለሚሠራ ሞተር ሕግ የሚያወጣ ሰው በግምት አይናገርም።

ሆኖም ምስክሩን ጠልቆ የሚመረምር ሰው ሁለት ነገሮችን ያገኛል። የመጀመሪያው፣ በአውሮፕላን ሜካኒኮች አንደበት «ሚኒራል» ማለት ቆሻሻን በታኝ ቅመም ያልተጨመረበት ባዶ ዘይት ማለት ሲሆን፣ በመኪና ሱቅ ውስጥ ግን «ሚኒራል» ማለት መነሻው ሲንቴቲክ ያልሆነ፣ ነገር ግን አጣቢው፣ በታኙ፣ ዚንኩና ሌላው ቅመም ሁሉ ተሟልቶ የተጨመረበት ዘይት ማለት መሆኑ ነው። ስለዚህ የአውሮፕላኑን መመሪያ ጠቅሶ ከመደርደሪያ ላይ ሚኒራል የሚል የመኪና ዘይት የሚያነሣ ሰው ቃሉን እንጂ ነገሩን አላነሣም። ቅመም የሌለው ዘይት ለመኪናም አይጠፋም፤ በኤ.ፒ.አይ. ምደባ «ኤስ.ኤ.» የተባለው ነው፤ ነገር ግን ኢንስቲትዩቱ ራሱ ከ1930 ወዲህ ለተሠራ ሞተር እንዳይጨመር ያስጠነቅቃል። ሁለተኛው፣ ያው የላይኮሚንግ መመሪያ ቱርቦ ያላቸውን ሞተሮች ከሕጉ አውጥቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ በበታኝ ዘይት እንዲለማመዱ ማድረጉ ነው። በታኝ ቅመም የፋሻን መቀመጥ ፈጽሞ የሚከለክል ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሞተሮች ዘይት ሲጠጡ በኖሩ ነበር። ቱርቦው የሚያመጣው ከፍ ያለ የሲሊንደር ግፊት ጉድለቱን እንደሚያካክስ ይገመታል፤ ይህም ወደ ዋናው ነጥብ ያመጣናል።

ፋሻን ወደ ግድግዳው የሚገፋው የራሱ የመለጠጥ ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያም ይልቅ፣ ነዳጁ ሲቃጠል ከቀለበቱ ጀርባ ገብቶ ወደ ውጭ የሚገፋው ጋዝ ነው። ጭነት የሌለበት ሞተር ይህ ግፊት ስለሚጎድለው ፋሻው ተራሮቹን ሳይቈርጥ በዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፤ በሙቀት የተቃጠለውም ዘይት ሸለቆዎቹን ሞልቶ ግድግዳውን እንደ መስተዋት ያብለጨልጨዋል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ እንደገና ፈትቶ መፋቅ ብቻ ነው። የታደሰ ሞተር በዝግታና በርኅራኄ ይነዳ የሚለው የጥንቱ ምክር እንግዲህ ለፋሻው ርኅራኄ አልነበረም። ከዚህ ተነሥተው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞተሩን እስከ ዳር ማስጋለብ ይገባል የሚሉ አሉ፤ እነርሱም ብሮንዚናንና የፒስተንን መስፋት ረስተዋል። በመካከላቸው ያለው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጠንከር ያለ ጭነትን ከማቀዝቀዣ ጊዜ ጋር እያፈራረቁ መስጠት የሚለው አቋም ለሁለቱም ሕግ ይታዘዛል።

ስለ ሲንቴቲክ ዘይት የሚቀርበው ተቃራኒ ማስረጃ ከፋብሪካ የመጣ ነው። የሼቭሮሌ ኮርቬት መኪና ከ1992 ጀምሮ፣ ፖርሼም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ በሲንቴቲክ ዘይት ተሞልተው ከፋብሪካ መውጣት ጀምረዋል፤ ፋሻዎቻቸውም ተቀምጠዋል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ የፋብሪካ ሲሊንደር ተራሮቹ አስቀድመው በማሽን ተቈርጠው፣ ለፋሻው የተረፈለት ሥራ ጥቂት ሆኖ ይወጣል፤ በመንደር ጋራዥ በእጅ ድሪል የተፋቀ ሲሊንደር ግን እንዲያ አይደለም የሚል ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ትክክል በመሆኑ ክርክሩን ከዘይቱ ወደ ድንጋዩ ያዛውረዋል። ተራ የብረት ፋሻ፣ የክሮም ፋሻና የሞሊብዲነም ፊት ያለው ፋሻ እያንዳንዳቸው የተለያየ ሻካራነት ይፈልጋሉ፤ ክሮም ጠንካራ ስለሆነ ሻካራ ግድግዳ ካላገኘ በየትኛውም ዘይት እንቢ ይላል። የኩሚንስ ኩባንያ ለዲዝል ሞተሮቹ ልዩ የማለማመጃ ዘይት አላስፈላጊ መሆኑን ገልጾ፣ አዲስም ሆነ የታደሰ ሞተር ዘወትር በሚሠራበት ዘይት እንዲለማመድ የሚመክረው የድንጋዩንና የጭነቱን ሥራ በመተማመን ይመስላል። ለፋሻው ወገን ዘይት ሦስተኛ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም ማለት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰበቃን ለመቀነስ ተብሎ ልዩ ቅመም የተጨመረበት ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት ግን ከመጀመሪያው ቀን ቢርቅ አይከፋም።

የካምሻፍቱ ጥያቄ፤ ዚንክ የቀነሰበት ዘመን

ለጠፍጣፋ ገፊ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚህ ዘይት በእርግጥ ዳኛ ነው።

ከ1975 የሞዴል ዓመት ጀምሮ በአሜሪካ መኪናዎች ላይ የጭስ ማጽጃ ካታሊስት መገጠም ሲጀምር፣ ከዚንኩ ጋር በውሁዱ ውስጥ ያለው የዘይቱ ፎስፎረስ በጥቂት በጥቂቱ እየተቃጠለ ካታሊስቱን እንደሚመርዝ ታወቀ። ለቀላል መኪናዎች የሚሆነው ዘይት የፎስፎረስ መጠን በደረጃ ወረደ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ 0.12 በመቶ የነበረው ጣሪያ፣ «ኤስ.ጄ.» በተባለው ምደባ በ1996 ወደ 0.10፣ «ኤስ.ኤም.» በተባለው በ2004 ወደ 0.08 ዝቅ አለ፤ ከታችም 0.06 በመቶ ወለል ተደረገለት። በዚህ ሁሉ መካከል ፋብሪካዎች ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጠፍጣፋውን ገፊ እግሩ ተንከባላይ በሆነ ሮለር ገፊ እየተኩት ስለሄዱ ለአዲስ መኪና ነገሩ ችግር አልሆነም። አሮጌ ሞተር የሚያድሰው ሰው ግን በአሮጌው ሞተር ውስጥ የአዲስ ዘመን ዘይት የሚጨምር ሆነ። በ2000ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ሞተር አዳሾች ዘንድ አዲስ ካምሻፍት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተከርክሞ የሚጠፋበት እሮሮ በረታ፤ ጣትም ሁሉ ወደ ዘይቱ ተቀሰረ።

በዚህ ላይ ሁለት ወገን ቆመ። አዳሾቹና ካምሻፍት ሠሪዎቹ ለጠፍጣፋ ገፊ ከ0.10 በመቶ የማያንስ፣ ብዙዎቹም 0.12 እና ከዚያ በላይ የሆነ ፎስፎረስ እንደሚያስፈልግ፣ ሞተሩም እንደተነሣ ያለ ጭነት በዝግታ እንዲዞር ሳይተው ወዲያው በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ እንዲሠራ አዘዙ። የትእዛዙ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በዝግታ ሲዞር የሚረጨው ዘይት ጥቂት ነው፤ ከዚህም በላይ በፍጥነት ሲዞር የገፊው ግስጋሴ ከጉብታው ጫፍ ላይ የሞላውን ጫና በጥቂቱ ያቀልለታል፣ በዝግታ ግን ሙሉ ጫናው ያርፋል። ኃይለኛ ድርብ ሞላ ያለው ሞተር ከሆነ የውስጡን ሞላ አውጥቶ ማለማመድም የዚሁ ሥርዓት ክፍል ነው።

የዘይቱ ጠበቆች መልስ ከጄነራል ሞተርስ የቅባት ባለሙያዎች ወገን በሰፊው ተሰምቷል። አዲስ ምደባ በወጣ ቁጥር ዘይቱ የካም መበላትን በሚለካ ሙከራ ማለፍ አለበት፤ ከእነዚህም አንዱ «ሴኩዌንስ 3ጂ» የተባለው፣ 3.8 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ጠፍጣፋ ገፊ ተገጥሞለት፣ ዘይቱ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየጋለ በደቂቃ በ3600 ዙር ለ100 ሰዓት የሚሠራበት ከባድ ፈተና ነበር፤ ፎስፎረሱ የቀነሰው ዘይት ይህን ካለፈ ስለምን ይወቀሳል? ሲሉ ይጠይቃሉ። ክርክሩ ብርቱ ነው፤ ይሁን እንጂ በሙከራው የተለካው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ፈተናው ይደረግ የነበረው በተመረጠ፣ ገጹ በሚገባ በተዘጋጀና ልኩ በተጠበቀ ካምና ገፊ ነበር፤ የጋለው ዘይትም ልባሱ ቶሎ እንዲበጅ የሚረዳ ነበር። የአዳሹ ሰው ችግር ግን በአራተኛው ቀን ሳይሆን በአራተኛው ደቂቃ የሚደርስ፣ ዘይቱ ገና ባልሞቀበት፣ ገፊው ከየትኛው የብረት ማቅለጫ እንደወጣ በማይታወቅበትና ሞላው ከፋብሪካው በጠነከረበት ሞተር ላይ የሚደርስ ነው። ሁለቱ ወገኖች እንግዲህ አንዱ ስለ ዕድሜ፣ ሌላው ስለ ልደት ይናገራሉ። የገፊዎቹ ጥራት መጓደልና የሞላው መጠንከር ከዘይቱ ጋር በአንድ ዘመን ስለተገናኙ ጥፋቱን ለአንዱ ብቻ ለይቶ መስጠት አልተቻለም።

ይልቁንም ከቀጥታው ክርክር ያነሰ የሚነገር፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የከበደ የሚመስለኝ ነጥብ አለ። በዘይቱ ውስጥ ያሉት ቅመሞች ሁሉ የአንዱን ብረት ገጽ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ፤ አጣቢው ቅመም በበዛ መጠን ዚንኩ ስፍራ ያጣል፣ የበጀውም ልባስ ይታጠባል። ስለዚህ በጀሪካኑ ላይ የተጻፈው የዚንክ መጠን ብቻውን ምስክርነቱ ጎደሎ ነው። ለማለማመጃ ተብለው የሚቀመሙት ልዩ ዘይቶች ዚንኩን ከፍ፣ አጣቢውን ዝቅ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ አዳሾች በዘልማድ የሚያነሡት ለዲዝል መኪና የተሠራው 15ደብሊው-40 ዘይትም በዚህ ዓይን ሲታይ ከሚነገርለት ይቀንሳል፤ «ሲ.አይ.-4» ይባል በነበረበት ጊዜ የፎስፎረስ ጣሪያ ያልነበረበት፣ በ2006 «ሲ.ጄ.-4» ሲወጣ ግን በ0.12 በመቶ የተወሰነ ቢሆንም መጠኑ አሁንም ከቤንዚን መኪና ዘይት ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ጥላሸትን ለማጠብ ተብሎ የተጨመረበት አጣቢ ብዙ ነው። ክፉ ምርጫ አይደለም፤ አማራጭ በሌለበት የሚመሰገን ምርጫ ነው።

ጥቂት ከጠቀመ ብዙ ይበልጥ ይጠቅማል የሚለውም ሐሳብ በተራው ተፈትኗል። ከጄነራል ሞተርስ ባለሙያዎች የተነገረው እንደሚያስረዳው፣ ፎስፎረሱ ከ0.14 በመቶ ሲያልፍ የመጀመሪያው ጊዜ መበላት ቢቀንስም የረጅሙ ጊዜ መበላት ይጨምራል፤ ወደ 0.20 በመቶ ሲጠጋም ውሁዱ ራሱ የብረቱን ቅንጣቶች መጋጠሚያ እያጠቃ ገጹ እንዲፈረፈር ያደርጋል። እንግዲህ በሙሉ ቅመም በተሠራ ዘይት ላይ ከትንሽ ጠርሙስ ተጨማሪ ዚንክ ማፍሰስ፣ መጠኑን የሚለካ መሣሪያ ለሌለው ሰው፣ መድኃኒትን ያለ መስፈሪያ እንደ መጠጣት ነው።

ስለ ውፍረት

በውፍረት ረገድ ክርክሩ ጠባብ ነው። ብሮንዚናው በዘይት ላይ እንዲንሳፈፍ ክፍተቱ ለ50 ሚሊሜትር ዘንግ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ከተገጠመ 30 ቁጥር ወይም 10ደብሊው-30 ይበቃዋል፤ ክፍተቱ ሰፋ ካለ ወይም አየሩ ከሞቀ ወፍራሙ ይመረጣል። ቀጭን ዘይት ለካሙ ቶሎ ይደርሳል የሚሉና ወፍራም ዘይት ብረትን ከብረት ይለያል የሚሉ አሉ፤ ሁለቱም እውነት ስለሆነ ሠራተኛው መካከሉን ይይዛል። ከውፍረቱ ይልቅ የሚያስፈራው ሞተሩ ሳይነሣ የዘይት ፓምፑን አዙሮ መስመሮቹን አለመሙላት ነው።

ያልተፈቱት

የመጀመሪያው ዘይት መቼ ይፍሰስ በሚለው ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የጠፍጣፋ ገፊ ወገኖች የ20 ደቂቃው ሥርዓት እንዳበቃ ዘይቱንና ፊልትሮውን ይለውጣሉ፤ ቀጥሎም በ800 ኪሎ ሜትር ይደግማሉ። በአንጻሩ ሆንዳ ለአዲስ መኪና በሚሰጠው መመሪያ ከፋብሪካ የገባው ዘይት ከተወሰነለት ጊዜ ቀድሞ እንዳይለወጥ ያሳስባል። ሁለቱን እንደ ተቃዋሚ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ቢሆንም ተቃውሞው የሚመስለውን ያህል አይደለም፤ ፋብሪካው ሞተሩን በንጹሕ አዳራሽ አጥቦ ገጥሞታል፣ ቅመሙንም መርጦ ሞልቶታል፤ በእድሳት የተገጠመ ሞተር ግን ከድንጋዩ ብናኝ፣ ከካሙ ላይ ከተቀባው ጥቁር የመግጠሚያ ቅባትና ከአዲሱ ፋሻ ብረት የተሰበሰበውን ሁሉ በመጀመሪያው ሰዓት ወደ ዘይቱ ያራግፋል።

ወደ ሲንቴቲክ ዘይት የሚታለፍበት ጊዜም እንደዚሁ በየአዳሹ ይለያያል፤ አንዱ 1600 ኪሎ ሜትር ሲል ሌላው 5000 ይላል። ከቁጥሩ ይልቅ ምልክቱን መከተል፣ ይኸውም የዘይቱ ፍጆታ መርጋቱንና ከክራንክ ቤቱ መተንፈሻ የሚወጣው ጋዝ መቀነሱን ማየት፣ ከአውሮፕላኑ መመሪያ ሊወረስ የሚገባው እውነተኛው ትምህርት ሳይሆን አይቀርም። በአንድ የመኪና ሞተር ውስጥ የዘይቱን ድርሻ ከድንጋዩ፣ ከፋሻው ዓይነትና ከአነዳዱ ለይቶ መመዘን ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ አንዱ ሞተር ሁለት ጊዜ አይለማመድምና።

በአዲስ አበባ ላለች ቮልስዋገን

ይህ ሁሉ ለአገራችን ሩቅ ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ መንገድ ዛሬም የምትታየው አሮጌዋ ቮልስዋገን ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ገፊዎቿ ጠፍጣፋ፣ ሲሊንደሮቿ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚወጡ ስለሆኑ ከፒስተናቸው ጋር በሙሉ የሚለወጡ ናቸው። በውስጧ የሚገባው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ የወረቀት ፊልትሮ የላትም፣ ያላት የሽቦ ወንፊት ነው፤ ወንፊቱም ደቃቁን ብናኝ አይይዝም። ስለዚህ ለእርሷ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ማፍሰስ የፊልትሮውን ሥራ መሥራት ነው፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚፈሰው 2.5 ሊትርም ከካምሻፍት ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ወፍራሙ 20ደብሊው-50 ዘይት፣ የፎስፎረሱ ጣሪያ በአብዛኛው የወጣው ነዳጅ ለሚቆጥቡት ቀጫጭን ዘይቶች በመሆኑ፣ ከቀጭኑ ይልቅ ለጠፍጣፋ ገፊ የሚበቃ ዚንክ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ በጀሪካኑ ጀርባ የተጻፈውን የምደባ ፊደል ሳያነብቡ ግን በውፍረቱ ብቻ መተማመን አይገባም።

አንድ ነገር ይቀራል። የማለማመጃ መመሪያዎች የተጻፉት በመኪና ሠሪዎቹ ከተሞች በዲትሮይትና በቮልፍስቡርግ ሜዳ፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል አየር ውስጥ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ የአየሯ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ቢረግጡለትም ከፋሻው ጀርባ የሚያበጀው ግፊት በዚያው መጠን ያነሰ ነው። ወደ አዳማ ቢወርዱ አየሩ ወፈር ይላል፣ መንገዱ ግን ቁልቁለት ስለሆነ ሞተሩ ጭነት የለውም፤ ሲመለሱ ዳገቱ ረጅም ጭነት ይሰጣል፣ አየሩ ግን በየኪሎ ሜትሩ እየሳሳ ይሄዳል።